የሚሻለው ማጠንጠኛ

አልጋነሽ ባልዋ ከሞተ ወዲህ በሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሰች ትሸጣለች። በዚያው ሐይቅ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ሰውዬ ሊያገባት ሲመኝ ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ቸርነት የሚባል ሌላ አጥማጅ በማጥመጃ ዘንጉ ላይ አዲስ የክር ማጠንጠኛ ከገጠመ ወዲህ፣ ትልልቁን ዓሣ የሚያቀርብላት እርሱ ሆነ። እርስዋም በሣቅ ትቀበለው ጀመር። ያን ጊዜ የሰውዬው አንጀት በቅንዓት አረረ፤ ማለዳ ዳዊቱን ሲደግም እንኳ ዓይኑ ከገጹ፣ ልቡ ግን ከቸርነት ዘንግ ላይ ነበር።

በመጨረሻ አላስችል ቢለው ከተማ ወርዶ ባለሱቁን ሦስት ማጠንጠኛ አስደረደረ። አንደኛውን አሽከረከረ፤ የሁለተኛውን ፍሬን ሞከረ፤ ሦስተኛውን በመዳፉ መዘነ።

«ከዋጋቸው አንጻር የትኛው ይሻላል?»

«ጋሼ፣ መካከለኛዋን ይውሰዱ። ዋጋዋ አይጎዳም፤ ትልቅ ዓሣ ቢይዙም አታሳፍርዎትም።»

«የቸርነት የትኛው ነው?»

«ይቺ ትንሿ ናት። ከሁሉም ውዷ።»

«ያ ቆንቋና ለዚች ይህን ሁሉ ገንዘብ አወጣ?»

ባለሱቁ ሣቀ። «ጋሽ ቸርነትማ ደጄንም ረግጦ አያውቅ። እንደ እርስዎ ሦስቱንም እያገላበጠች ስታማርጥ የዋለችው እትዬ አልጋነሽ ናት። መካከለኛዋን ባቀርብላት፣ ‹ተው፣ ክሩን ሲገታ አውራ ጣቱን ያመዋል፤ ለስላሳዋን ስጠኝ› አለችኝ።»