ከፕሮፔለር ራቁ!

ጋሼ ብሎን ማክሰኞ ጠዋት ከሞት ያመለጠው በአንድ ክንድ ርቀት ነበር። ከትንሿ አውሮፕላን የፊት ጎማ ስር የተወተፈውን እንጨት ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ሞተሩ ተነሳ። የፕሮፔለሩ ነፋስ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ መንጭቆ ወሰደው። እንዲህ ሲተርፍ በዚህ ወር ብቻ ሁለተኛው ነው።

ደሙ ቢፈላም ደንቡን አልረሳም፤ በአውሮፕላኗ ጅራት በኩል ዞሮ የአብራሪውን መስኮት ደበደበ። አብራሪው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ወጣት ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሳትጠራ ታስነሳለህ? ልትከትፈኝ ነው?»

«ጠርቻለሁ፣ ጋሼ። ሁለቴ ነው የጠራሁት።»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ ትዋሸኛለህ?»

ነዳጅ ቀጂው ጣልቃ ገባ። «ጠርቷል፣ ጋሼ። እኔም ሰምቼ ነው ገለል ያልኩት።»

ጋሼ ብሎን ምራቁን እንትፍ አለ። ሁለቱ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ምሳም የሚበሉት አብረው ነው። አንዱ ለአንዱ ቢመሰክር ምን ይገርማል?

ይበልጥ ያንገበገበው ጥሪውን አውሮፕላን ሜዳው ላይ ያስለመደው ራሱ መሆኑ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት የሥራ ጓደኛው ክንዱን በፕሮፔለር ሲያጣ፣ ደንቡን ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የጻፈው እሱ ነው። አብራሪው መስኮቱን ከፍቶ «ከፕሮፔለር ራቁ!» ይላል፤ መሬት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ገለል ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሞተር የሚነሳው። ጋሼ ብሎን በሥራው ቀልድ አያውቅም። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን የጆሮ መሸፈኛ አድርጎ አያውቅም። «ሞተር ሲታመም የሚታወቀው በድምፁ ነው» ይላል። የተሰጠው መሸፈኛ ሚስማር ላይ አቧራ ጠጥቷል።

ቤትም ሰላም የለም። ሚስቱ ሰሞኑን ያለ ጩኸት አታናግረውም። «ምን አደረግኩሽ?» ሲላት እጇን አወናጭፋ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሴት ልጁ ደግሞ ቃላቱን እያላመጠች ነው የምታወራው። ሰው ሁሉ ምን ነካው?

በንዴት ለሥራ አስኪያጇ ደብዳቤ ጻፈ። አብራሪው ከዚያ ወዲህም ሳይጠራ ያስነሳል፤ ወይ እሱ ይሂድ፣ ወይ እኔ።

ዓርብ ሥራ አስኪያጇ ሦስቱንም ቢሮዋ ጠራች። «ጋሼ፣ ይቀመጡ!» ብላ እሷም ጮኸችበት። ዋጥ አደረገው።

«አብራሪው ከማክሰኞ ወዲህ ሞተር ባስነሳ ቁጥር ጥሪውን በስልኩ ቀድቷል» አለች ፊት ለፊት እያየችው። «አብረን እንስማው።»

«ይሰማ! ሳይጠራ ከሆነ ያስነሳው፣ ፈቃዱ ይነጠቅ። ጠርቶ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ መፍቻዬን አስረክቤ ከዚህ ሜዳ እወጣለሁ።»

ሥራ አስኪያጇ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጣ በጣቷ ነካችው። ነዳጅ ቀጂው አንገቱን ደፋ። አብራሪው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጥፋተኛ ነዋ፣ አለ ጋሼ ብሎን በልቡ፣ እጁን አጣምሮ እየጠበቀ። ሥራ አስኪያጇ ስልኩን ወደ እሱ አስጠግታ እንደገና ነካችው። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

«በሉ እንጂ!» አለ በመጨረሻ፣ ትዕግስቱ አልቆ። «የምትከፍቱት መቼ ነው?»