አንድም ዛፍ ያልተቆረጠበት ቤት

አርክቴክቷ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ቤት ስትነድፍ ኖራ በስተመጨረሻ የራሷ ተራ ደረሰ። አባቷ ተወልደው ባደጉበት፣ እሷ ግን ረግጣው በማታውቀው መሬት ላይ ለቤተሰቧ የእንጨት ቤት ልትሠራ ነው። አንድም ዛፍ እንዳይቆረጥ ምላለች።

ደግነቱ ቦታው ራሱ ተባበራት። በዛፎቹ መሃል አንድም ግንድ የሌለበት ረጅም ገላጣ አለ።

"ለእኛ ተብሎ የተጠረገ ነው የሚመስለው!" አለ ባሏ።

መሬቱን የሞላውን ልሙጥ ድቡልቡል ድንጋይ ለደጃፉ ንጣፍ አሰበችው።

አባቷ ግን አልተባበሩም። ካቻምና ስትሮክ ምላሳቸውንና ቀኝ እጃቸውን ወስዶባቸዋል። ሠራተኞቹ ለክተው የተከሉት ችካል በማግስቱ ተነቅሎ ይገኛል። ባልየው ጎረቤቱን ጠርጥሮ ለጠብ ተጋብዞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ፤ አባትየው ናቸው፣ ችካሉን በግራ እጃቸው ታቅፈው ወደ ዳገቱ ሲያዘግሙ።

"ምነው አባባ? ቤቱ እኮ ለእርስዎም ነው!"

"እ... እ..." ብለው ወደ ዳገቱ ጠቆሙ።

"እዚያማ ዛፍ ነው። ልቁረጠው?"

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ክው አለች።

"ተዪው፣ የእርጅና እልህ ነው፤ የድሮ ቤታቸው ናፍቋቸው ነው" አለ ባሏ።

"ተዪው ትለኛለህ እንዴ? አባቴ እኮ ናቸው!"

"እሺ፣ ተያቸው።"

ተወቻቸው። ምን ታድርግ?

ቤቱ ሲያልቅ አጃኢብ ነበር። ወለሉ መሬቱን ተከትሎ ዝቅ ከፍ ይላል፤ በየመስኮቱ ቅጠል ነው። ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። አባትየው ብቻ እያለቀሱ ገቡ።

ክረምት ሲገባ ሌላ አበሳ መጣ። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር የሁለት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን እየጎተቱ ወደ ዳገቱ ይወጣሉ። ሁለቴ ተፈልገው የተገኙት በዝናብ በስብሰው ነው። ሕፃኗን ሳል ያዛት። እናትየው አንጀቷ እያረረ ጠንካራ ቁልፍ ገዛች።

አንድ ቀን ባሏ ሥራ ላይ ሳለ የሕፃኗ ሽሮፕ አለቀ። ከተራራው በላይ ደመናው ከብዷል። አባቷ ሕፃኗን እጇን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ በብርድ ልትሞትብኝ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ፤ ቶሎ እመጣለሁ።"

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከውጭ ቆልፋ ወጣች። ግራ እጃቸው መስታወቱን ሲደበድብ ሰማች። ዞር ብላ ግን አላየችም።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ እሷ ሳትወለድ የደረቀው ወንዝ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ።