የኩንታል መሐላ

ወልደሩፋኤል ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ትሬንታ ኳትሮ ነበሩት። ትሬንታ ኳትሮ ማለት ጣሊያን ያመጣው፣ አቀበት ላይ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ የሚወጣ፣ ግን የማይሰንፍ ከባድ መኪና ነው። በቢሮው በር ላይ «ወልደሩፋኤልና ወንድሞቹ የጭነት ማመላለሻ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ወንድም የለውም። ብቻውን ነው መባልን ጠልቶ ነው ያስጻፈው።

ከሦስቱ መኪኖች ሁለት ተኩሉን የሚያሠሩት ወይዘሮ እናናየሁ ናቸው ይሉ ነበር ሾፌሮቹ ሲቀልዱ። ወይዘሮ እናናየሁ ከመዘዞ ገብስ ሰብስበው ለአዲስ አበባ ቢራ ፋብሪካ የሚያስረክቡ ነጋዴ ናቸው። እሳቸው ከተዉት ሾፌሮቹ ይበተናሉ፣ መኪኖቹም የዶሮ ማደሪያ ይሆናሉ። ይህን እሱም፣ እሳቸውም፣ ከተማውም ያውቀዋል።

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጾሙ በገባ በሳምንቱ፣ የዓመቱን ውል ሊያድሱ በመጋዘናቸው ደጃፍ ተገናኙ። ሰው ከቧቸዋል።

«ናፍጣ ጨምሯል፣ ጎማ ጨምሯል። በኩንታል አንድ ብር ከሃምሳ» አለ ወልደሩፋኤል።

«ምነው፣ በጀርባህ ልትሸከመው ነው? አንድ ብር ከሃያ።»

«እትዬ፣ ከመዘዞ ጭቃ መኪናውን እርስዎ ይግፉልኝና በነፃ ልጫን!»

ሰው ሳቀ። ነገሩን ያበላሸው ሳቁ ነው። ወይዘሮ እናናየሁ ብድግ አሉ።

«ከአንድ ብር ከሃያ በላይ ብከፍል የአንኮበሩ ሚካኤል ይፍረድብኝ!»

«ከአንድ ብር ከሃምሳ በታች ብጭን በኔም ይፍረድ!»

ሁለቱም የአንኮበር ልጆች ናቸው፤ በዚያ ታቦት ቀልድ የለም። ሰው በታቦት ከማለ፣ ማታውኑ ቢፀፀት እንኳ፣ ዝም ብሎ ቃሉን አይመልስም። የነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ፣ ቀኖና ተቀብሎ፣ ያንን ፈጽሞ ነው የሚፈታው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ።

ወልደሩፋኤል ማታውኑ ተፀፀተ።

በማግስቱ ወይዘሮ እናናየሁ ከመጋዘናቸው ጠፉ። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን አልታዩም። በአምስተኛው ቀን ሁለት አዳዲስ መኪኖች መጋዘኑ አጠገብ ቆመው ተገኙ። የገብረአብ ናቸው። ገብረአብ አምና ወደ ከተማው የመጣ ባለ ጭነት መኪና ነው፤ ፊቱ ሁልጊዜ ይስቃል።

«አዲስ አበባ ወስዷቸው ነው፤ እዚያ ተዋውለዋል» አለ ወልደሩፋኤል ለሚስቱ ለደመቀች። ተቀመጠ፤ ተነሣ። «እሳቸው ከሃያ በላይ ላይከፍሉ ምለዋል። እንግዲህ ገብረአብ ከሃያ በታች ብሏል ማለት ነው። ምናልባት ከአሥር።»

«ሄደህ አትጠይቅም?»

«ምን ብዬ? አፌ ታስሯል እኮ!»

«እግርህ ግን አልታሰረም። ከጧት ጀምሮ ወለሉን ፈጨኸው።»

እሑድን እንዲህ ዋለ። ሰኞ በገበያው ዞሮ መኪኖቹን ሦስት ጊዜ አያቸው። ባዶ ናቸው። በምሥራቅ በኩል የበልግ ደመና ይከማቻል፤ ገብሱ መዘዞ ሜዳ ላይ ተከምሮ እንደሆነ ያውቃል። ማክሰኞ ጧት አንኮበር ሄዶ ሊፈታ መቋሚያውን አነሣ።

«ከወይዘሮ እናናየሁ ዘንድ ሰው ተልኮ መጥቷል» አለች ደመቀች ከበሩ።

«የለም በይው።»

«ኧረ ምን እንደሚል እንኳ…»

«ምን ሊል ነው? ‹ውላችን አብቅቷል› ሊል! እሱን ሰምቼ ከተፈታሁ ምን ይረባኛል?»

በጓሮ በኩል ወጣ።

አንኮበር ላይ የነፍስ አባቱ አባ ወልደተንሣኤ ነገሩን እስኪጨርስ እንኳ አላስቻላቸውም።

«ደግሞ በኩንታል!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «የዘንድሮ ሰው ታቦቱን ሚዛን አደረገው። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፤ በቀን መቶ መቶ ስገድ። ቅዳሜና እሑድ ስግደት የለም፤ ያኔ ሂድ።»

ሰገደ። ልቡ ግን አልተቀመጠም። ሲደፋ «አንድ ከሃያ» ይላል፣ ሲነሣ «ከአሥር ብሎ ይሆን?» ይላል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ዓርብ ግንባሩ አፈር እንደለበሰ አባ መስቀል አሳለሙትና «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት።

ቅዳሜ እያነከሰ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደ። የገብረአብ መኪኖች ከቆሙበት የሉም። ወይዘሮ እናናየሁ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩት ሊነሡ ሞከሩና ተዉት። ንቀው ነው ብሎ ዋጠው።

«እትዬ፣ ተፈትቼ መጣሁ። እንዳሉት ይሁን፤ አንድ ብር ከሃያ።»

«ዘገየህ፣ ወልዴ» አሉ። «ገብሴን ዝናብ መታው። ትናንት ለገብረአብ ፈረምኩ። የዓመት ነው።»

የመጋዘኑን በር መቃን ያዘ። ሾፌሮቹ፣ ሦስቱ መኪኖች፣ ሰሌዳው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዓይኑ ላይ መጡ።

«ከሱ በታች እጭናለሁ! አንድ ብር ከአምስት! ባንድ ብር! ይንገሩኝ፣ እትዬ፣ ስንት ቢልዎ ነው?»

«እኔንም ባለፈው ሳምንት አባ ወልደተንሣኤ ሦስት ቀን አሰግደው ፈቱኝና» አሉ ወይዘሮ እናናየሁ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ባንድ ብር ከስልሳ።»