ሦስት ቋጠሮ

“እሱ አረንጓዴው ውስጥ አይገባም፣ እትዬ! እዚያ ልጣጭ ብቻ ነው የሚጣለው።”

እጄን ከበርሜሉ አፍ እመልሳለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ከኮሪደሩ ማዶ ታየኛለች። የያዝኩት አንድ ጥቅል ነጭ ክር ነው፤ መርፌ ተሰክቶበታል። ከባሌ የጠረጴዛ መሳቢያ ነው ያገኘሁት።

“ታዲያ የት ልጣለው?”

“መርፌው ቀዩ ውስጥ፤ የሚወጋ ነገር እዚያ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ቢጫው ውስጥ። ክሩ...” ታስባለች። “ክሩን እንጃ።”

ባሌ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሯል። ቢሮው እስከ ምሳ ሰዓት ተጠርጎ ለአዲስ መምህር ይሰጣል ተብያለሁ። ይህን የበርሜል ሕግ ያወጣውም ራሱ ነው፤ ወረቀት ሰማያዊ፣ ፕላስቲክ ቢጫ፣ ልጣጭና ትርፍራፊ አረንጓዴ፣ ባትሪና መርዝ ነገር ቀይ። ቤታችንም አራት ባልዲ ደርድሮ ቁም ስቅሌን አሳይቶኛል። የሙዝ ልጣጭ ከወረቀት ጋር ከጣልኩ የዚያን ቀን ምሳ በትምህርት ነው የሚበላው።

ግራ የገባኝ ግን የበርሜሉ ነገር አይደለም። ቁልፍ ሲበጠስበት “ኧረ ድረሽልኝ!” ብሎ ከመኝታ ቤት የሚጣራ ሰው፣ መርፌና ክር ምን ያደርግለታል? ሳላስበው የሴትዮዋን ጣቶች አያለሁ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት እንዲህ ማሰቧ ነውር ነው። መጣብኝ፣ ምን ላድርግ?

“እዚህ ልብስ የሚሰፋለት ሰው ነበር?” ድምፄ ከረር ይላል።

“ኧረ ራሳቸው ናቸው የሚሰፉት። ለምልክት።”

“የምን ምልክት?”

ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ታያለች። “እርስዎ አያውቁም እንዴ?” ትላለች ዝግ ብላ። “ለጋሼ እኮ ቀይና አረንጓዴ አንድ ነበር። አይለዩትም።”

“ማን? የኔ ባል?” ሳቄ ያመልጠኛል። “በርሜሎቹን ቀለም ያስቀባው እሱ አይደል እንዴ?”

“ቀለሙማ ለሌላው ሰው ነው። የሳቸው እዚህ ነው።”

እጄን ይዛ ከቀዩ በርሜል ክዳን ጠርዝ ላይ ታሳርፈዋለች። በሞረድ የተፋቁ ጎድጓዳ ምልክቶች ጣቴ ላይ ይመጣሉ። አራት ናቸው። አረንጓዴው ላይ ሦስት፣ ቢጫው ላይ ሁለት፣ ሰማያዊው ላይ አንድ።

“ይህን ሲፍቁ ስደርስባቸው፣ የኬሚስትሪ መምህር ቀለም አይለይም ከተባለ ያባርሩኛል ብለው አስምለውኝ ነበር። እንግዲህ አሁን ማንን ያባርራሉ?” መወልወያዋን ወደ ሌላ እጇ ታዞራለች። “ላቦራቶሪ ውስጥ ፈሳሹ ቀለም ሲቀይር ተማሪዎቹን ‘ምን ይታያችኋል?’ ይሏቸው ነበር። ልጆቹ የሚፈተኑ እየመሰላቸው ይሽቀዳደማሉ።”

ነገሩ ይዞርብኛል። ቲማቲም ግዛ ብዬ ስልከው ጥሬውን ከበሰለው ቀላቅሎ ይመጣል፤ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ “ነጋዴው ሸወደኝ” ብሎ ያልፈዋል። በየማለዳው ደግሞ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ “የቱን ልልበስ?” ይለኛል። ይህችን “የቱን ልልበስ” ለእህቶቼ ስንት ጊዜ አውርቻታለሁ! ሳያማክረኝ ካልሲ እንኳን አያጠልቅም እያልኩ የኮራሁባት ናት። ለካ የሚፈልገው ዓይኔን ነው? ይከፋኛል። ከዚያ ደግሞ መከፋቴ ያሳፍረኛል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ፤ እኔ የቀዳሁት ከየት እንደሆነ እንጃ።

“ልብሱንም ምልክት ያደርግበት ነበር?”

“እዚያ በሩ ላይ የተሰቀለውን ይዩት።”

ከቢሮው በር ጀርባ፣ ለድንገተኛ ስብሰባ ብሎ የሚያስቀምጠው ክራባት ተንጠልጥሏል። አውርጄ እገለብጠዋለሁ። ጀርባው ላይ በነጭ ክር የተቋጠሩ ሦስት ትንንሽ ቋጠሮዎች አሉ። ክራባቱ አረንጓዴ ነው።

ክራባቱን እንደያዝኩ ወንበሩ ላይ ቁጭ እላለሁ።

እነዚህን ቋጠሮዎች አውቃቸዋለሁ። እንደተጋባን ሰሞን ካልሲው ውስጥም፣ ክራባቱ ጀርባም ነበሩ። እኔ ደግሞ ልብስ ላይ የተንጠለጠለ ክር አልወድም። “ምን ዓይነት ዝርክርክ ልብስ ሰፊ ነው!” እያልኩ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ሁሉንም በጥርሴ በጠስኳቸው። እሱ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር። “የቱን ልልበስ?” ማለት የጀመረው በማግስቱ ነው።

መርፌው እያለው። መልሶ መቋጠር እየቻለ። እዚህ ቢሮው ውስጥ ቋጠረ፤ ቤት ግን እኔን ጠየቀኝ፣ ዕድሜ ልኩን። አፍሮ ይሁን፣ መጠየቁን ወዶት ይሁን፣ አላውቅም። አሁን ማንን እጠይቃለሁ?

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማለች። “ክራባቱ ለልብስ ባዘጋጀሁት ከረጢት ውስጥ ነው የሚገባው፣ እትዬ” ትላለች ቀስ ብላ። “የማይፈልጉት ከሆነ።”

ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ እዳስሰዋለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከሦስተኛው ቋጠሮ ረዘም ያለች ክር ተርፋ ወጥታለች። ሳላስበው ክራባቱን ወደ አፌ አስጠጋለሁ፤ ጥርሴ ክሯን ሊነካ ሲል እቆማለሁ።