ድንጋጤዋን ያስነቀለችው ሚስቴ

በሰፈራችን በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ድንጋጤውን እንደ ጥርስ ያስነቅላል። ከተነቀለ በኋላ አይተከልም። ባለቤቴ ስንዱ ካስነቀለች ወዲህ ስንቱን ከሚነድ ቤት አውጥታለች፤ ሰፈሩም ይመርቃታል። እኔ ግን መሮኛል። ወተት ሲገነፍል ቆማ ታየዋለች። ሊፍቱ መብራት ጠፍቶ መሃል ላይ ሲቆም ታዛጋለች።

ትናንት ልጃችን ሶስና ከደረጃው ተንከባልላ ወደቀች። እኔ «እኔን! እኔን!» እያልኩ ስወርድ ስንዱ ቀድማኝ ተንበርክካ አንገቷን ትዳብሳለች።

«ምንም አልተሰበረም። ተነሺ» አለቻት።

ሶስና የእኔን ጩኸት ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ የእናቷን አፍ አፍ ታያለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ ስትወድቅ ‹እኔን› አትዪም እንዴ?» አልኩ።

«ካልክ እሺ። እኔን» አለች፣ ስሙ ሲጠራ «አለሁ» እንደሚል ተማሪ።

ሶስና ሳታለቅስ ተነሣች። እያነከሰች ሄዳ የጎረቤታችንን የእትዬ የሺመቤትን በር አንኳኳች። በሩ ሲከፈት፣ ደጃፉ ላይ ሆን ብላ እንደገና ወደቀች።

የእትዬ የሺመቤት ብርጭቆ ከእጃቸው አምልጦ ሲከሰከስ ሰማሁ።

«እኔን ልጄ! እኔን ያድርገኝ!»

ያኔ ነው ያለቀሰችው።