ኅዳር ስምንት

መሪማ የልጇን የክትባት ካርድ ከጉያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ዘውዱ፣ እስቲ ይኸን ተመልከትልኝ። ሙስጠፋ ሚያዝያ ሦስት ነው የተወለደው። አሥራ ስምንት አልሞላውም።»

የቀበሌው ጸሐፊ ዘውዱ ካርዱን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ አየው። 3/8/63። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ሦስት ቀኑ፣ ስምንት ወሩ። ሚያዝያ። ከዚያ ከፊቱ ያለውን አዲሱን መዝገብ ገለጠ። ሙስጠፋ ከማል፣ 1963-3-8። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ክው አለ።

መስከረም ላይ ከበላይ ሰርኩላር መጥቶ ነበር። ከእንግዲህ ቀን የሚጻፈው የዓለም አገሮች በተስማሙበት አጻጻፍ ነው፤ ዓመት ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፣ ቀን ከኋላ ይሆናል፤ የነዋሪው መዝገብ ሁሉ በዚሁ ይገልበጥ ይላል። የስድስት መቶ ሰው ልደት በሦስት ቀን። ዘውዱ ጣቱ እስኪደነዝዝ ገለበጠ። እዚህ ስም ላይ ሲደርስ ግን ዓመቱን ብቻ ወደ ፊት አምጥቶ የቀሩትን ሁለት ቁጥሮች እንዳገኛቸው ተዋቸው። ቀኑ ወር፣ ወሩ ቀን ሆነ። ኅዳር ስምንት። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አሥራ ስምንት የሞላው ለብሔራዊ ውትድርና ይቅረብ ሲባል ስሞቹ የወጡት ከዚሁ መዝገብ ነው።

ስማቸው የወጣው ልጆች ከትናንት ጀምሮ የቀበሌው አዳራሽ ተቆልፎባቸዋል። ከደብረ ታቦር ይዟቸው የሚወጣው መኪና ጓሮ ቆሟል፤ የሚነሣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

«ምስክርም አለኝ» አለች መሪማ፣ ጎረቤቷን ትርንጎን ከኋላዋ እየሳበች።

«እትብቱን የቆረጥሁት እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ። «የሆሳዕና ዕለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ምጥ ይዟት ደረስሁ። የዘንባባ ቀለበቴን እንኳ ከጣቴ ሳላወልቅ ነው የተቀበልሁት። ኅዳር ላይ ምን ሆሳዕና አለ?»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ ትርንጎ። ስሕተቱ የኔ ነው» አለ ዘውዱ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

ሊቀመንበሩ ፈንታሁን ይኸን ሰምቶ ከውስጠኛው ክፍል ወጣ። ነገሩን ሲያስረዱት አልተቆጣም።

«ሃያ ሰባት ተጠይቀናል፣ ሃያ ሰባት እናስረክባለን» አለ። «ይውጣ ካላችሁ ይወጣል። በሱ ቦታ የመጀመሪያው ተጠባባቂ ይገባል። ማን ነው?»

ዘውዱ ጣቱን በዝርዝሩ ላይ አውርዶ አንድ ስም ላይ አቆመ።

«አንብብ እንጂ!»

«ጌጡ ደምሴ።»

የትርንጎ እጅ የነጠላዋን ጫፍ ፈልጎ አጣው። ጌጡ ልጇ ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ያቆመው እሱ ነው። ከሙስጠፋ ጋር አንድ አጥር ግቢ ውስጥ ነው ያደጉት።

«እህስ?» አለ ፈንታሁን ወደ ትርንጎ ዞሮ። «ምስክርነትሽ ይጻፍ?»

ትርንጎ የተናገረችውን ልትክድ አልቻለችም፤ ልትደግመውም አልቻለችም። ዓይኗ ወለሉ ላይ ቀረ።

መሪማ ጎረቤቷን አየቻት። ከዚያ ካርዱን ከጠረጴዛው አንሥታ አጠፈችው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የተሳሳትሁ እኔ ነኝ» አለች። «የወለድሁት ረመዳን አጋማሽ ላይ ነው። ያን ዓመት ረመዳን ኅዳር ላይ ነበር የዋለ። ትርንጎ ከታናሹ ጋር ተምታቶባት ነው።»

«እትዬ መሪማ፣ እንደሱ አይበሉ...»

«የጻፍኸው ይጽና» አለችው ሳታየው። «ኅዳር ስምንት ነው።»

ፈንታሁን ሰዓቱን አይቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሴቶቹ ወጡ።

ዘውዱ በመስኮቱ ያያቸው ነበር። ትርንጎ ከደጁ ሦስት እርምጃ እንደ ሄደች መሬት ላይ ቁጭ አለች። መሪማ ቆመች። አዳራሹን አየች፣ የጓሮውን መኪና አየች፤ ተመልሳም ጎንበስ አለችና ክንዷን ያዘቻት።

«ተነሽ እህቴ፣ ተነሽ። ስንቁን ሳላቀብለው ይሄድብኛል።»

ሁለት ጊዜ ሞክራ አነሣቻት። ከዚያም የነጠላዋን አቧራ በመዳፏ ቀስ እያለች ታራግፍላት ጀመር።