ከምንጣፉ ስር

ዙሀይራ ሮቤ እየኖረች ጎባ ጨርቅ ትነግዳለች። በየቀኑ ለመመላለስ ብላ አንድ አሮጌ የመስክ መኪና ገዛችና እንዲጠግነው ለመካኒኩ ለአብዱልመሊክ ሰጠችው። ሞተሩን አድሶ፣ ፍሬኑን ቀይሮ የወለሉን ምንጣፍ ሲያነሳ ፊቱን አዞረ። ከሾፌሩ ወንበር ፊት ለፊት የእግር ጥፍር ቁርጥራጭ ተከምሯል፤ ወፍራም፣ ቢጫ፣ አንዳንዱም ቆዳ የደረቀበት።

«ምን ዓይነት ቆሻሻ ሰው ነው ሲነዳው የኖረው?» አለች ዙሀይራ ጠርቶ ሲያሳያት።

አብዱልመሊክ ጠርጎ፣ ወለሉን በበረኪና አጥቦ አዲስ ምንጣፍ አነጠፈ። በሳምንቱ ግን ከስሩ ሌላ ጥፍር ተገኘ።

«በደንብ አልጠረግከውም ማለት ነው» አለችው።

«ወላሂ አንድም አልቀረም። በእጄ ነው የለቀምኩት።»

እንደገና አጸዳላት። በማግስቱ ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ምንጣፉን ገልጣ አየች፤ ንጹህ ነው። ብቻዋን፣ አንድም ቦታ ሳትቆም ጎባ ደረሰች። ሱቋ በር ላይ አቁማ፣ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ እንደገና ገለጠችው።

አምስት ጥፍሮች ነበሩ። ቢጫ አይደሉም። ስስ ናቸው፤ ለእህቷ ሰርግ የተቀባችው ሂና አለባቸው።

ጫማዋን አወለቀች፤ ካልሲዋን ቀስ ብላ ሳበችው። የቀኝ እግሯ ጥፍሮች አምስቱም ከስራቸው ተከርክመዋል።